ወረቀት የተቀላቀለበት ሸክላ ለሲኒ፣ ለጀበናና ለምጣድ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሸክላ ወርክሾፕ አለኝ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ሳህንና የእጣን ማጨሻ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ የምጣድ ትዕዛዝም ይመጣል። ሲኒውንና ሳህኑን የማስገባበት የኤሌክትሪክ እቶን እስከ 1050 ዲግሪ ይደርሳል። ጀበናውንና ምጣዱን ግን በማገዶ ነው የማቃጥለው። ችግሬ ጀበናዎቼ ሲደርቁ አንገታቸውና ጆሯቸው ጋ መሰንጠቃቸው ነው። ኢንተርኔት ላይ ወረቀት ከጭቃው ጋር ከተቀላቀለ ስንጥቅ እንደሚቀር፣ ዕቃውም ቀላልና ጠንካራ እንደሚሆን አየሁና አንድ በርሜል አዘጋጀሁ። አንዱ ወዳጄ ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ እንደ ብረት ስለሚይዘው አይሰበርም ይላል። ሌላው ደግሞ መርዝ ስላለው ለምግብ ዕቃ አይሆንም አለኝ። ማንን ልመን?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይመኑ። ወረቀቱ ከእሳት በኋላ ሸክላው ውስጥ አይቀርም፤ ስለዚህ እንደ ብረት የሚይዘው ነገር የለም። መርዝም አይደለም። ወረቀት የሚረዳዎት ጭቃው ጥሬ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። እሳት ከገባ በኋላ ወረቀቱ የነበረበት ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያ ባዶ ቦታ የእጣን ማጨሻን ምንም አያደርገውም። ለሲኒና ለሳህን ግን፣ በተለይ በእርስዎ እቶን ሙቀት፣ ትልቅ ችግር ነው።

ወረቀት ከዕፅዋት የሚገኝ ሴሉሎስ የሚባል ቀጭን ቃጫ ነው። እያንዳንዱ ቃጫ መሃሉ ክፍት የሆነ ቱቦ ስለሆነ ውሃ ይስባል። ጭቃው ውስጥ ሲገባ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ይጠላለፉና ጭቃው ሲደርቅ እንዳይላቀቅ ይይዙታል። ለጭቃ ቤት ጭድ የሚቦካውም ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ግድግዳ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ጭዱ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሆኖ ይሠራል። የእርስዎ ጀበና ግን ይቃጠላል።

ጥሬው ላይ ያለው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም። ወረቀት ያለበት ደረቅ ዕቃ ሲነሳ፣ ሲዞር፣ ሲጫን በቀላሉ አይሰበርም። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ መገጣጠም ላይ ነው። እንደምታውቁት፣ የደረቀ ሸክላ ላይ እርጥብ ጭቃ ቢለጥፉ አይይዝም። ደረቁ ውሃውን ይመጠዋል፣ አዲሱ ብቻውን ይኮማተራል፣ ከዚያ ይላቀቃል። ወረቀት ካለ ግን ቃጫዎቹ ውሃውን ወደ ደረቁ ጎን ያሻግራሉ፣ ራሳቸውም መጋጠሚያውን ተሻግረው ሁለቱን ያስራሉ። ደረቅን ከእርጥብ፣ አንዳንዴም ደረቅን ከደረቅ መግጠም የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ቅርጻ ቅርጽ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሸክላ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ወረቀት መኮማተርን አያስቀርም። ውሃ ከጭቃው ሲወጣ ጭቃው ይኮማተራል፣ ወረቀት ኖረም አልኖረም። አንዱ ጎን ቶሎ ደርቆ ሌላው ከቀረ ውጥረቱ አለ። ወረቀቱ ስንጥቁን ለጊዜው ይዞ ያቆየዋል፤ እቶን ውስጥ ወረቀቱ ሲነድ ግን የያዘው ነገር ይለቀቃል። «ሲደርቅ ደህና ነበር፣ ከእሳት ሲወጣ ተሰንጥቆ አገኘሁት» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው።

አሁን እሳቱን እንይ። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ አለፍ ሲል ወረቀቱ መጨስ ይጀምራል። 500 አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ነዶ አልቋል። የሚቀረው ትንሽ አመድና ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመሩ ማዕድናት ናቸው፤ በዋናነት ካኦሊን የሚባል ነጭ የሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ዱቄት። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት እነዚህ ይበዙበታል። እያንዳንዱ ቃጫ የነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን ዋሻ ይቀራል። ዕቃው ቀለል የሚለውም ለዚህ ነው፤ ሸክላ መኖር የነበረበት ቦታ አየር ይዞታል።

የእነዚህ ዋሻዎች ዕጣ የሚወሰነው በሙቀቱ ነው። ስቶንዌርና ፖርሴሊን የሚባሉ ጠንካራ የሸክላ ዓይነቶች ከ1200 እስከ 1280 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲቃጠሉ የሸክላው ከፊሉ ይቀልጥና እንደ መስታወት ሆኖ ክፍተቶቹን ይሞላል። ኢንተርኔት ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ የወረቀት ሸክላ ሲኒዎች አይተው ከሆነ፣ የዚህ ዓይነት ፖርሴሊኖች ናቸው። እነሱ ለቡና፣ ለሻይ፣ ለምንም ይሆናሉ። ቀይ ሸክላ በ1050 ሲቃጠል ግን ክፍተት የሚሞላ ያህል አይቀልጥም። ዋሻዎቹ እንዳሉ ይቀራሉ። አሠራሩ አንድ ሆኖ ውጤቱ የሚለያየው ለዚህ ነው፤ ቪዲዮው ላይ የእቶኑን ሙቀት ብዙ ጊዜ አይነግሩንም።

በእኔ ቃል አይሂዱ፤ ራስዎ ይለኩት። ግሌዝ (በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆን ልባስ) ያልተቀባ፣ አንዴ የተቃጠለ ሲኒ ይውሰዱ። በደንብ ያድርቁትና በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑት። ከዚያ ድስት ውስጥ ውሃ ሞልተው ለሁለት ሰዓት ያህል ይቀቅሉት፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት አውጥተው ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርገው ወዲያው እንደገና ይመዝኑ። ደረቁ 200 ግራም የነበረው ሲኒ 230 ከሆነ 30 ግራም ውሃ ጠጥቷል፤ ይህ 15 በመቶ ነው። ለገበታ ዕቃ 3 በመቶና ከዚያ በታች ጥሩ ነው። ከ5 በመቶ ካለፈ አልተማመንበትም። ቀይ ሸክላ በእርስዎ ሙቀት ወረቀት ሳይገባበትም ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። አንድ ወረቀት ያለበትና አንድ የሌለበት ጎን ለጎን ይሞክሩ፤ ልዩነቱን ሚዛኑ ይነግርዎታል።

«ግሌዝ እቀባዋለሁ፣ ይሸፍነዋል» ይሉኝ ይሆናል። ግሌዝ ይረዳል፣ ግን የሚጠጣ ሸክላን አያድነውም። የሲኒው እግር ግሌዝ የለበትም፤ ሲታጠብ ውሃ ከታች ይገባል። ግሌዙና ሸክላው ሲቀዘቅዙ መኮማተራቸው ካልተስማማ ደግሞ ላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ቡናና ወተት በዚያ በኩል ይሰርጋሉ። ከሳምንታት በኋላ ሲኒው ይሸታል፣ ከታች ይጠቁራል፣ ሻጋታም ይይዛል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የጠጣው ውሃ ይሞቅና ጆሮው እጅ ያቃጥላል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። በዚያ ላይ ወረቀት የነበረበት ሸክላ ግሌዙን ራሱን ቶሎ ስለሚመጥ ልባሱ ይወፍራል፣ በእሳት ጊዜም ወይ ይሸሻል ወይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ያወጣል። እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ግሌዝ ለምግብ ዕቃ በፍጹም አይጠቀሙ። መርዝ የሚያሳስብዎት ከሆነ ፍለጋው መጀመር ያለበት እዚያ ነው፤ ሶፍት ወይም ጋዜጣ ላይ አይደለም።

ወደ ጀበናው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ሲኒው ከፍ ባለ ሙቀት ይሻላል ካልን ጀበናውንም ከፍ አድርገን እናቃጥለው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይሆንም። ጀበና ከሰል ላይ ይጣዳል፤ ከታች ይግላል፣ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል። በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ የጠበቀ ስቶንዌር ይህን አይችልም፤ ከሰል ላይ ይፈነዳል ወይም ይተረተራል። በማገዶ የሚቃጠለው ባህላዊ ጀበና የሚችለው በዝቅተኛ ሙቀት ስለተቃጠለና ውስጡ ሻካራ ፍሬ ስላለበት ነው። ትንሽ ስንጥቅ ብትጀምር እንኳ ፍሬው ጋ ስትደርስ ትቆማለች። እናቶቻችን የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው፣ ገሉን ነፍተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር የሚያቦኩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ይህ ዕውቀት ለዘመናት ሲናቅ የኖረ ነው፤ እኔ ግን ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት በላይ አከብረዋለሁ። ለጀበና ከወረቀት በፊት የሚፈለገው ገል ነው።

«የወረቀቱ ክፍተትስ ስንጥቅ አያቆምም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በተወሰነ ደረጃ ያቆማል። ወፍራም ዕቃ በማገዶ እሳት ሲቃጠልም እንፋሎት ማውጫ ስለሚያገኝ እንዳይፈነዳ ያግዛል። ግን ክፍተት ገል የሚሰጠውን ጥንካሬ አይሰጥም። ጀበና በአንገቱ ይያዛል፣ በጆሮው ይነሳል፣ እጥበት ላይ ይጋጫል። ግድግዳው በሙሉ ወረቀት የነበረበት ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው ጆሮው ነው። ቡናውን የሚጠጣውም ይበዛል።

ስንጥቁ ሲደርቅ ከመጣ ምክንያቱን አደራረቁ ላይ ይፈልጉ። የጀበና ሆድ ወፍራም ነው፣ አንገቱና ጆሮው ቀጭን ናቸው። ነፋስ ወይም ፀሐይ ሲያገኘው ቀጭኑ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፤ ሆዱ ገና ነው። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። ጆሮውንና አንገቱን በፌስታል ይጠቅልሉ፣ ሆዱን ክፍት ይተዉት። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ፌስታሉን ቀስ በቀስ ያላሉ። ጆሮውን ሲገጥሙ ሁለቱም ወገን እኩል እርጥበት ላይ ይሁኑ፤ የደረቀ ሆድ ላይ ከእጅ የወጣ እርጥብ ጆሮ አይለጥፉ። ጭቃዎ እጅግ የሚለጠጥና ገል የሌለው ከሆነ ከደረቅ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የተነፋ ገል ይጨምሩበት። እነዚህን ብቻ አስተካክለው ስንጥቁ በእጅጉ ይቀንሳል።

ወረቀቱ ጀበናው ላይ ቦታ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። እንደ ማጣበቂያ ይጠቀሙበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ነጭ ሶፍት ቆራርጠው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ። ሶፍት ቶሎ ስለሚሟሟ ከጋዜጣም ከእንቁላል ትሬም ይሻላል። በጁስ መፍጫ ወይም በድሪል ጫፍ ላይ በሚገጠም ማቀላቀያ ገንፎ እስኪመስል ይምቱት። በወንፊት አጥልለው በእጅዎ ጨመቅ ያድርጉት። ከዚያ የዚያኑ ጀበና ጭቃ በውሃ አቅጥነው፣ ለአራት ወይም ለአምስት ኩባያ ቀጭን ጭቃ አንድ ኩባያ የተጨመቀ ወረቀት ይጨምሩና ያዋህዱ። የጀበናው ጭቃ መሆን አለበት፤ ሌላ ጭቃ ከሆነ አኮማተሩ ይለያያል። መጋጠሚያውን ጫር ጫር አድርገው ይቀቡና ይጫኑት። ደርቆ የተሰነጠቀ ጀበና ካለም ስንጥቁን በውኃ ርጥብ አድርገው ይህንኑ ይሙሉበት። ስንጥቁ ፀጉር የምታህል ከሆነች ይሠራል። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ከሄደ ግን ጊዜዎን አያባክኑ፤ ዕቃውን ሰባብረው ወደ ጭቃው ይመልሱት። ጥሬ ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም። ከእሳት በኋላ የመጣን ስንጥቅ በዚህ መጠገን አይቻልም፤ ከሰል ላይ ይለቃል።

ምጣድ ላይ መልሴ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ ወረቀት አያስገቡ። የምጣድ ፊት በጠጠር ታሽቶ፣ በጎመን ዘር ተሟሽቶ ካልለሰለሰ እንጀራው ይይዛል። የወረቀት ቃጫ ሲታሽ እየተነሳ ፊቱን ያሻክረዋል፣ ከእሳት በኋላም ሊጥና ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ ይተዋል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ሽቦው ከሸክላው ጀርባ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ስለሚተኛ ሙቀቱ ሸክላውን አቋርጦ ነው ወደ ላይ የሚደርሰው። አየር የሞላበት ሸክላ ሙቀት ያዘገያል። ምጣዱ ለመጋል ይቆያል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ሽቦውም ከሚገባው በላይ ይግላል። እንጀራ ጋጋሪዋ ምክንያቱን ሳታውቅ ምጣዱን ትረግማለች።

ሙቀት ማዘግየቱ ግን ሌላ ቦታ ጥቅም ይሆናል። ለእጣን ማጨሻ፣ ለመብራት ሽፋን፣ ለግድግዳ ጌጥ፣ ለአበባ ማስቀመጫ ሽፋንና ለቅርጻ ቅርጽ ወረቀት ያለበት ሸክላ ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ ስስ አድርጎ መሥራት ይቻላል፣ ወደ ደንበኛ ሲጫንም ክብደቱ አያስቸግርም። ውሃ የሚጠጣ አፈር ያለበት የአበባ ማሰሮ ግን ውጭ ከዋለ ቶሎ ይላላል።

ሲኒና ሳህን በወረቀት ሸክላ መሥራት ከልብ ከፈለጉ መንገዱ አንድ ነው፤ ቢያንስ 1250 ዲግሪ የሚደርስ እቶንና ለዚያ ሙቀት የተዘጋጀ ነጭ ሸክላ። አገር ውስጥ ጥሬ ዕቃው አለ፤ ከጉጂ የሚወጣው የቦምቦውሃ ካኦሊን አንዱ ነው። ካኦሊን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፌልድስፓርና ኳርትዝ የሚባሉ ማዕድናት ካልተቀላቀሉበት በዚያ ሙቀትም አይጠብቅም። የወረቀቱንም መጠን ዝቅ ያድርጉ፤ በይዘት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። አሁን የሚጠቀሙበትን ቀይ ሸክላ እዚያ ሙቀት ላይ እንዳያስገቡት፤ ያብጣል ወይም ቀልጦ የእቶኑን መደርደሪያ ያበላሻል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ሥራዎ እስኪሰፋ ድረስ አልመክረውም።

እቶንዎ ውስጥ ወረቀት ያለበት ዕቃ ሲያስገቡ የሚጠነቀቁት ነገር አለ። ጭሱ ብዙ ነው። ክፍሉ በደንብ አየር የማይገባበት ከሆነ አያቃጥሉ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥማ ጭራሽ። የእቶኑን የማያ ቀዳዳ እስከ 600 ዲግሪ ክፍት ይተዉት። ሙቀቱን በሰዓት ከ100 ዲግሪ በላይ አያሳድጉ። ከተጣደፈ ወረቀቱ ነዶ ሳያልቅ ሸክላው ይዘጋል፤ ዕቃውን ሲሰብሩት መሃሉ ጥቁር ይሆናል። ያ ጥቁር መሃል ደካማ ነው። አየር ያጣ ጭስ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹንም ዕድሜ ያሳጥራል። ሌላው አቧራ ነው። የወረቀት ሸክላ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት መላግ ይቀናል፤ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የሸክላ አቧራ ሲሊካ ስላለበት ሳንባን ቀስ በቀስ ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። በእርጥብ ስፖንጅ ያለስልሱት።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ሲኒ፣ ሳህንና ምጣድ ያለ ወረቀት ይሥሩ። ጀበናውን በገል ይሥሩ፣ ወረቀት መጋጠሚያው ላይ ብቻ ይግባ። ሲኒና ሳህኑን በሚስማማ ግሌዝ በደንብ ይሸፍኑ፣ ለገዢውም «ማይክሮዌቭ አይግባ፣ ውሃ ውስጥ አይደር» ብለው በግልጽ ይንገሩት። ገዢ እውነቱን ነግረውት የገዛው ዕቃ ላይ አይመለስብዎትም።

በርሜሉን አይድፉት። ዛሬውኑ ይክፈቱትና ያሽትቱት። ወረቀት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይበሰብሳል፤ ጥቁር ነጥብና የረግረግ ሽታ ካለው ሻጋታ ጀምሯል። ጓንት አድርጉ፣ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጉበትና በረንዳ ላይ ያማስሉት። በረኪናውን ከሌላ ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ። ለአንድ ወር የሚሆን የመጋጠሚያ ጭቃ ክዳን ባለው ማሰሮ ያስቀሩ። የቀረውን ጨርቅ ላይ እንደ ቂጣ ስስ አድርገው ዘርግተው ያድርቁት፤ ደርቆ ለዓመታት ይቆያል፣ ሲፈልጉት ሰብረው ይዘፍዝፉት። ለማጨሻና ለመብራት ሽፋን ይበቃዎታል። የሚያጥቡበትን ውሃ ግን ቱቦ ውስጥ አይድፉ፤ ቃጫው ከጭቃው ጋር ሆኖ ይደፍነዋል። ባልዲ ውስጥ አዝቅጠው ከላይ ያለውን ውሃ አፈር ላይ ያፍስሱት፣ ዝቃጩን ወደ በርሜሉ ይመልሱት።